ሞራው ተገፈፈ፤ እብጠቱስ?

«ሞራው ተገፈፈልኝ፤ የአንተን ፊት ግን አሁንም በጭስ ውስጥ ነው የማየው።» እትዬ ይህን ያሉኝ ሎስ አንጀለስ፣ ዌስትውድ ውስጥ፣ የቀኝ ዓይናቸው ቀዶ ሕክምና በተደረገለት በስድስተኛው ሳምንት ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ደስታቸው ልክ አልነበረውም። የቡናውን ቀለም፣ የነጠላቸውን ጥለት፣ የግድግዳውን ቀን መቁጠሪያ እያዩ ይደነቁ ነበር። ከዚያ ቀስ በቀስ መሃሉ ደበዘዘ። በሩን ያዩታል፤ በሩ ላይ የቆመው ማን እንደሆነ ግን አይለዩም። ስኳር እንዳለባቸው ካወቁ 19 ዓመት ሆኗል። ከቀዶ ሕክምናው በፊት የዓይናቸውን የኋላ ክፍል በምስል ያነሳ አልነበረም፤ አንስቶም ከነበረ ለእኛ የነገረን የለም።

ጉዳዩ የእትዬ ብቻ አይደለም። ስኳር ያለበት ሰው ዓይኑ ከፊት ሞራ፣ ከኋላ እብጠት ሲይዝ የትኛው ይቅደም? ወይስ ሁለቱ አብረው ይታከሙ? የዓይን ሐኪሞች በዚህ ጥያቄ ላይ ብዙ አሥርት ዓመታት ተከራክረዋል። ዛሬ መልሱ ከሞላ ጎደል አለ፤ መልሱ እኛ ዘንድ አለመድረሱ ነው ያስጻፈኝ።

ከስሙ ልጀምር። በግ ሲታረድ ሆድ ዕቃውን ሸፍኖ የሚወጣውን፣ መረብ የመሰለ ነጭ ስብ ሞራ እንለዋለን። ዓይን ላይ ነጭ ነገር ሲታይም ስሙን ከዚያው ወሰድን፤ ከስሙ ጋር ግሱንም ወሰድን፤ ሞራ «ይገፈፋል»። ያማረ አነጋገር ነው፤ ነገር ግን ያሳስታል። ከዓይን ላይ የሚገፈፍ ሽፋን የለም። የሚደፈርሰው ከብሌኑ ጀርባ ያለው ሌንስ ራሱ ነው። ሐኪሙ የደፈረሰውን ሌንስ በድምፅ ሞገድ ሰባብሮ ይመጠውና በቦታው ሰው ሠራሽ ሌንስ ያስቀምጣል። እንግሊዛዊው ሃሮልድ ሪድሊ ሰው ሠራሽ ሌንስ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ዓይን ውስጥ ያስገባው ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1949 ነው። በድምፅ ሞገድ የመስበሩን ዘዴ አሜሪካዊው ቻርልስ ኬልማን በ1967 አመጣው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሽፋን ተገፈፈ ብሎ የሚያስብ ሰው ነገሩ አበቃ ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከሽፋኑ ጀርባ ምን አለ ብሎ የሚጠይቅበት ምክንያት አይታየውም።

ከጀርባ ያለው ሬቲና ነው፤ ብርሃኑን የሚቀበለው ስስ ሥጋ። መሃሉ ላይ ማኩላ የምትባል ትንሽ ቦታ አለች። ፊት የምንለየው፣ ፊደል የምናነበው፣ መርፌ ውስጥ ክር የምናስገባው በእሷ ነው። ስኳር ለዓመታት ደም ውስጥ ከፍ ብሎ ሲቆይ የሬቲናን ቀጫጭን የደም ሥሮች ይጎዳል። የተጎዳው ሥር ያፈሳል። ኦክስጅን ያጠረው ሬቲና ደግሞ ቬጂኤፍ የሚባል ንጥረ ነገር ይለቅቃል፤ እሱም ሥሮቹን ይበልጥ እንዲያፈሱ ያደርጋቸዋል። ቆርቆሮው የሚያፈስ ቤት ኮርኒሱ ውሃ ጠጥቶ ወደ ታች ሲያብጥ ያየ ሰው ማኩላ ላይ የሚሆነውን አየ ማለት ነው። ሕመም የለውም፣ ዓይን አይቀላም፣ ከውጭ የሚታይ ምልክት የለውም። በእኛ ቋንቋም የወጣለት ስም የለም። ሐኪሞቹ «የማኩላ እብጠት» ይሉታል፤ ቤት ውስጥ ግን «ዓይኔ ደከመ» ተብሎ ይታለፋል። ሞራ ስም ስላለው ይታከማል። ይኼኛው ስም ስለሌለው ይረሳል ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ሁለቱ በሽታዎች አንድ ዓይን ላይ መገናኘታቸው አጋጣሚ አይደለም። ስኳር ሌንሱንም ያደፈርሳል፤ ስኳር ያለባቸው ሰዎች ሞራ ከሌላው ሰው ቀድሞ ይይዛቸዋል። ችግሩ ደግሞ ሞራውን የሚያወጣው ቀዶ ሕክምና ራሱ እብጠቱን መቀስቀስ መቻሉ ነው። ዓይን ሲከፈት፣ ቁስሉ በጥቂት ሚሊ ሜትር ቢለካም እንኳ፣ የሰውነት የመቆጣት ምላሽ ይነሳል፤ የሚፈጠሩት ኬሚካሎች ወደ ኋላ ደርሰው የማኩላን ሥሮች ያላላሉ። የካሊፎርኒያው ሐኪም ሮድማን አይርቪን ከሞራ ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣውን ይህን መደብዘዝ በ1953 ጽፎታል፤ ስሙም እስከ ዛሬ በበሽታው ላይ ቀርቷል። እብጠቱ ስኳር በሌለበት ሰውም ይመጣል፤ ነገር ግን አይበዛም፤ ብዙውን ጊዜም በጠብታ ይለቃል። በ2016 የታተመና በእንግሊዝ ከ80 ሺህ በላይ ዓይኖችን የተመለከተ ጥናት ልዩነቱን በቁጥር አሳይቷል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ እብጠት የያዛቸው፣ ስኳር ከሌለባቸው 1.17 ከመቶ፣ ስኳር ካለባቸው 4.04 ከመቶ ነበሩ። ከ25 ዓይን አንዱ ማለት ነው። ሬቲናቸው ላይ ገና ምንም የስኳር ጉዳት ያልታየባቸው ሰዎች እንኳ ስኳር ከሌለው ሰው ይልቅ ተጋላጭ ሆነው ተገኝተዋል። ሬቲናው አስቀድሞ የተጎዳ ከሆነ ቁጥሩ ጉዳቱን እየተከተለ ይወጣል።

በ2013 በአሜሪካ የስኳር ሬቲና ምርምር መረብ የታተመ ክትትልም ወደዚያው ያመለክታል። ማኩላው መሃል እብጠት ሳይኖር ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው መካከል በኋላ ይበልጥ ያበጠባቸው፣ ቀድሞውኑ ከመሃል ራቅ ያለ እብጠት የነበረባቸው ወይም ከዚህ በፊት ለእብጠት የታከሙ ሰዎች ነበሩ። ያለፈ ታሪክ ይናገራል ማለት ነው። እትዬን ከቀዶ ሕክምናው በፊት «ዓይንዎ ላይ ሌዘር ወይም መርፌ ተደርጎልዎት ያውቃል?» ብሎ የጠየቃቸው ቢኖር፣ ከስምንት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ላይ ሌዘር እንደተደረገላቸው ይነግሩት ነበር።

ታዲያ ለምን አስቀድመው እብጠቱን አክመው ሞራውን አያወጡም? ለረጅም ጊዜ ሐኪሞቹ አጣብቂኝ ውስጥ ነበሩ። በ1985 የታተመው ትልቁ የአሜሪካ ጥናት፣ የሚያፈሱትን ሥሮች በሌዘር መተኮስ የማየት አቅም የመውረድን አደጋ በግማሽ እንደሚቀንስ አሳየ። ከዚያ በኋላ ሌዘር ዋናው ሕክምና ሆነ። ሌዘር ግን ብርሃን ነው፤ በደፈረሰ ሌንስ ውስጥ በትክክል አያልፍም። ሞራውን ሳያወጡ በሌዘር ማከም ያስቸግራል፤ እብጠቱን ሳያክሙ ሞራውን ማውጣት ደግሞ እብጠቱን ሊያባብስ ይችላል። በዚህ ምክንያት ብዙ ሐኪሞች ስኳር ያለበትን ሰው ቀዶ ሕክምና ይፈሩ ነበር፤ «ትንሽ እንጠብቅ» ይሉ ነበር። ሲጠበቅ ሞራው ይደነድናል፣ ማኩላው ይበላሻል።

ይህን አጣብቂኝ የፈታው መርፌ ነው። ቬጂኤፍን የሚያግዱ መድኃኒቶች በቀጥታ ወደ ዓይን ውስጥ ይወጋሉ፤ ለመወጋት ሌንሱ የጠራ መሆን አያስፈልገውም። ለአንጀት ካንሰር የተሠራው ቤቫሲዙማብ፣ በተለምዶ አቫስቲን የሚባለው፣ በ2005 ዓይን ላይ መሞከር ጀመረ። ራኒቢዙማብ በ2012፣ አፍሊበርሴፕት በ2014፣ ፋሪሲማብ በ2022 ለዚሁ እብጠት የአሜሪካ ፈቃድ አገኙ። መርፌውን ለመውጋት ሞራው እስኪወጣ መጠበቅ ቀረ። ለእኔ የዚህ ጥያቄ ታሪክ መታጠፊያው እዚህ ላይ ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ የተከተለ ነው።

የትኛው መርፌ ይሻላል የሚለው ብዙ ቤተሰብ የሚጠይቀው ነው። በ2015 የታተመው የአሜሪካ መረብ ጥናት ሦስቱን፣ ቤቫሲዙማብን፣ ራኒቢዙማብንና አፍሊበርሴፕትን፣ በ660 ሰዎች ላይ አወዳደረ። ማየታቸው ብዙ ያልወረደባቸው በሦስቱም እኩል ተሻሉ። ማየታቸው ይበልጥ የወረደባቸው፣ 20/50 እና ከዚያ በታች የነበሩት ግን በመጀመሪያው ዓመት በአፍሊበርሴፕት የበለጠ አተረፉ። በ2022 የታተመው ደግሞ በርካሹ ቤቫሲዙማብ ጀምሮ አጥጋቢ ሳይሆን ሲቀር ወደ አፍሊበርሴፕት መዞርን ከመጀመሪያው በአፍሊበርሴፕት ከመታከም ጋር አስተያየ፤ በሁለት ዓመት መጨረሻ የማየት ልዩነት አልነበረም። እዚህ አሜሪካ ያሉ ብዙ የኢንሹራንስ ድርጅቶች «መጀመሪያ አቫስቲን» ሲሉ ሰው ርካሽ መድኃኒት ተሰጠኝ ብሎ ይከፋዋል። እኔም ከፍቶኝ ነበር። አሁን የምፈልገው ርካሹ ሳይሠራ ሲቀር ሳይዘገይ እንዲቀየር ነው፤ በጥናቱም ውስጥ በቤቫሲዙማብ ከጀመሩት አብዛኞቹ ተቀይረዋል።

የመርፌው ስም የብዙዎችን ሆድ ያሸብራል። እትዬ «ዓይኔን በመርፌ ሊወጉኝ?» ብለው ሌሊቱን ሙሉ አልተኙም። የሆነውን አይቻለሁና እጽፈዋለሁ። መጀመሪያ የማደንዘዣ ጠብታ ደጋግሞ ይንጠባጠባል። ከዚያ ዓይኑ በቤታዲን ይታጠባል፤ የሚያቃጥለው መርፌው ሳይሆን ይህ ነው። ሽፋሽፍቱን የሚይዝ ትንሽ ብረት ይገባል። «ወደ ላይ ይመልከቱ» ይባላል። ፀጉር የመሰለችው መርፌ በዓይን ነጭ በኩል፣ ከጥቁሩ ጠርዝ 3.5 ሚሊ ሜትር ያህል ርቃ ትገባለች፤ የተፈጥሮ ሌንሱ ያልወጣለት ከሆነ 4 ሚሊ ሜትር። የሚገባው ፈሳሽ 0.05 ሚሊ ሊትር ነው። እትዬ «አለቀ?» ሲሉ አልቆ ነበር። ዓይን ውስጥ ኢንፌክሽን የሚፈጠረው ከሺዎች መርፌ በአንዱ ነው፤ ሲፈጠር ግን ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ሕመም፣ መቅላት፣ የማየት መውረድ ከመጣ በዚያው ቀን መደወል ያስፈልጋል፤ ነገ አይባልም።

አሁን ወደ ቅደም ተከተሉ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት እብጠት እንዳለ ከታወቀና ሞራው ክትትልን የማይከለክል ከሆነ፣ አብዛኛው የሬቲና ሐኪም መጀመሪያ መርፌ ወግቶ ማኩላው ሲደርቅ ወይም ሲረጋጋ ሞራው እንዲወጣ ይመክራል። ሞራው ወፍራም ሆኖ የኋላው ሊታይ ካልቻለ፣ ወይም ሰውየው ከዚህ በላይ መጠበቅ ካልቻለ፣ ሞራው ወጥቶ በዚያው ጠረጴዛ ላይ መድኃኒቱ ዓይን ውስጥ ይሰጣል። በ2009 ከጃፓን የወጣ ትንሽ ጥናት በቀዶ ሕክምናው ማብቂያ ላይ ቤቫሲዙማብ የተወጉት ዓይኖች ማኩላቸው ሲሳሳ ያልተወጉት ሲወፍር አሳይቷል። በ2014 ሜልበርን ውስጥ የተሠራው ደግሞ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ቤቫሲዙማብንና ትራያምሲኖሎን የተባለውን ስቴሮይድ አወዳደረ። በሁለቱም ማየት ተሻሻለ፤ የማኩላው መሳሳት ግን በስቴሮይዱ ይበልጥ ዘላቂ ነበር። እነዚህ ጥናቶች ጥቂት ሰዎችን የያዙ ናቸው፤ ብቻቸውን ሕግ አያወጡም። አቅጣጫቸው ግን አንድ ነው።

በአውሮፓ 12 ማዕከሎች የተካሄደውና በ2018 የታተመው ጥናት ጥያቄውን ከመከላከል በኩል ነበር ያየው። ስኳር ላለባቸውና እብጠት ለሌለባቸው ሰዎች፣ ሁሉም ጸረ-መቆጣት ጠብታ እየወሰዱ፣ በቀዶ ሕክምናው ላይ ትራያምሲኖሎን ሲጨመርላቸው ማኩላቸው ሳያብጥ ቀረ። ቤቫሲዙማብ መጨመሩ ግን የሚታይ ጥቅም አላመጣም። ከዚህ የምረዳው አንድ ነገር አለ፤ ቀዶ ሕክምናው የሚቀሰቅሰው እብጠት በዋናነት የመቆጣት ነው፣ ስኳሩ የሚያመጣው ደግሞ ቬጂኤፍ የሚገፋው ነው። ሁለቱ አንድ ዓይን ላይ ሲደራረቡ ሐኪሙ የትኛው እንደሚበዛ መለየት አለበት። እብጠት ሳይኖር ግን የቤቫሲዙማብ መርፌ ይጨመር ማለት አይቻልም።

ስቴሮይድ የራሱ ዋጋ አለው። የዓይን ግፊት ከፍ ያደርጋል፤ ግላኮማ ያለበት ሰው ወይም በቤተሰቡ ግላኮማ ያለ ሰው ይህን ለሐኪሙ መናገር ይኖርበታል። የተፈጥሮ ሌንስ ላለበት ዓይን ደግሞ ሞራ ያመጣል። ሞራው አስቀድሞ በወጣ ዓይን ግን ይህ ጉዳቱ ይቀራል። በ2010 የታተመው የአሜሪካው መረብ ጥናት ሰው ሠራሽ ሌንስ በገባላቸው ዓይኖች ላይ ስቴሮይድና ሌዘር ከራኒቢዙማብ ጋር ተቀራራቢ ውጤት ማምጣታቸውን ያሳየው ለዚህ ነው። በየወሩ መርፌ ለመወጋት የማይችል፣ ሞራው የወጣለት ሰው ዓይን ውስጥ ተቀምጦ ለወራት መድኃኒት የሚለቅቀውን፣ ዴክሳሜታሶን የተባለ ስቴሮይድ የያዘ እንክብል መጠየቁ ተገቢ ነው።

ሌላው ጥያቄ የሌንሱ ዓይነት ነው። ቅርብም ሩቅም ያሳያል እየተባለ ተጨማሪ ክፍያ የሚጠየቅበት ባለብዙ ትኩረት ሌንስ አለ። ብርሃኑን ስለሚከፋፍል ማኩላው የታመመ ሰው ዓይን ላይ የቀረውን ጥራት ይበልጥ ያደበዝዛል። ማኩላ ላይ እብጠት ያለበት ወይም የነበረበት ሰው ተራውን ባለአንድ ትኩረት ሌንስ ያስገባ፤ ገንዘቡን ለመነጽር ያስቀምጥ።

ዓይን ውስጥ የሚሠራው ሥራ ሁሉ ከዓይን ውጭ ካለው ጋር ይያያዛል። ፒዮግሊታዞን የተባለው የስኳር ክኒን የማኩላ እብጠት ሊያመጣ ወይም ሊያባብስ እንደሚችል በማሸጊያው ላይ ተጽፏል። የዓይን ሐኪሙ የስኳር ክኒኖቹን ዝርዝር ካላየ አያውቅም። አሁን በየቤቱ የገባው ሴማግሉታይድ፣ ሰዎች ኦዜምፒክ የሚሉት፣ በ2016 በታተመ ጥናት የሬቲና ችግር 3.0 ከመቶ ላይ ሲያሳይ ባልወሰዱት ላይ 1.8 ከመቶ ነበር፤ ስኳሩ በፍጥነት ሲወርድ ሬቲናው ለጊዜው ሊባባስ እንደሚችል ከቀድሞ ጀምሮ የታወቀ ነው። መድኃኒቱ መጥፎ ነው ማለት አይደለም። ሲጀመር ሬቲና ይታይ ማለት ነው። ጾምም ከዚህ ጋር ይያያዛል፤ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆዩ እናቶቻችን ኢንሱሊን እንደ ወትሮው ወግተው ስኳራቸው ድንገት እንዳይወርድ ከሐኪምም ከንስሐ አባትም ጋር መነጋገር አለባቸው። የታመመ ሰው በንስሐ አባቱ ፈቃድ እንደ አቅሙ እንደሚጾም እያወቅን አናነሳውም።

አገር ቤት ያለው መልክ ሌላ ነው። በ2005 እና 2006 በኢትዮጵያ የተካሄደው ብሔራዊ ጥናት የዓይነ ስውርነትን መጠን 1.6 ከመቶ፣ ከዚያም ግማሽ ያህሉ በሞራ ምክንያት መሆኑን አገኘ። ስለዚህ አገሪቱ ጉልበቷን ሞራ ላይ ማድረጓ ትክክል ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል፣ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ በጅማ፣ በየክልሉ በሚደረጉ ዘመቻዎች በአንድ ሳምንት በርካታ ሰዎች ዓይናቸው ይበራል። ያን ማየት እንባ ያስመጣል። ነገር ግን ዘመቻ ለአንድ ጊዜ ሥራ የተፈጠረ ነው። የማኩላ እብጠት በየወሩ መመለስን ይጠይቃል። ከወልዲያ ወይም ከመተማ መጥቶ የተሠራ ሰው ለመርፌ በየወሩ አይመላለስም። የዓለም ጤና ድርጅት ቤቫሲዙማብን በ2013 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ለዓይን አስገብቶታል፤ አንዱ ብልቃጥ በንጽህና ከተከፋፈለ ለብዙ ዓይን ይበቃል። የጎደለው የሬቲና ሐኪም፣ የምስል መሣሪያና ቀጠሮ ነው። ከዚህ ሆነን ለወላጆቻችን ቀዶ ሕክምና ገንዘብ የምንልክ ሰዎች፣ ስኳር ካለባቸው ገንዘቡ ሳይከፈል በፊት ብሌናቸው በጠብታ ተከፍቶ ሬቲናቸው እንዲታይ መጠየቅ እንችላለን። አንድ ስልክ ነው።

እዚህ ሎስ አንጀለስ መሣሪያው አለ። ዌስትውድ ላይ በ1966 የተከፈተው የጁልስ ስታይን የዓይን ተቋም፣ የዓይን ሕክምና ተምሮ በኋላ በሙዚቃና በፊልም ሥራ የበለጸገ ሰው ያቋቋመው፣ ከዓለም ታላላቅ የዓይን ማዕከሎች አንዱ ነው። የከተማው ምክር ቤት በ2002 ሊትል ኢትዮጵያ ብሎ ከሰየመው ከፌርፋክስ ጎዳና ያለው ርቀት ከ10 ኪሎ ሜትር ብዙ አይበልጥም። ሰውን የሚያስቀረው ሌላ ነው። ብሌን የሚከፍት ጠብታ ለሰዓታት ስለሚያደበዝዝ ታካሚው አይነዳም፤ የሚነዳለት ልጁ ሥራ ላይ ነው። ሌላው ቋንቋ ነው። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ቀጠሮ ሲያዝ «አማርኛ» ማለት ይበቃል። እኛ ግን ልጅ ይዘን እንሄዳለን፤ ልጁ «ማኩላ» የሚለውን «ዓይን» ብሎ ይተረጉመዋል። በእትዬ ቀዶ ሕክምና ዋዜማ አስተርጓሚው እኔ ነበርኩ። ሐኪሙ ስለ ስኳር የጠየቀውን «ደህና ነው፣ ክኒን ይወስዳሉ» ብዬ አለፍኩት። ያን ቀን ያልኩት እስከ አሁን ያንገበግበኛል።

እትዬ በሰባተኛው ሳምንት ወደ ሬቲና ሐኪም ሄዱ። ኦሲቲ የሚባለው መሣሪያ ማኩላቸውን በብርሃን ቆርጦ አሳየን፤ መሃሉ እንደ ኮረብታ ተነስቷል፣ ውስጡ ጥቁር ጥቁር ኩሬ አለው። ውፍረቱ ከ400 ማይክሮን በላይ ነበር። መርፌ ተጀመረ። ከሦስተኛው በኋላ ኮረብታው ዝቅ ብሎ መሃሉ ወደ ተፈጥሮ ጉድጓዱ ተጠጋ። የዚያን ቀን ፌርፋክስ ላይ ቡና ይዘን ተቀመጥን። እትዬ ስኒውን አስቀመጡና አገጬን ያዙ። «ይቺ ከአጥር ወድቀህ የተሰፋችው ናት? እኔ እኮ ጠፍታለች ብዬ ነበር።»

የግራው ዓይናቸው ሞራ አሁንም አለ። ቀዶ ሕክምናው ለሚያዝያ ተቀጥሯል፤ የማኩላው ምስል ግን የሚነሳው ከዚያ አንድ ወር ቀድሞ ነው። ቀጠሮው ሲያዝ እትዬ ስልኩን ከእጄ ተቀብለው ራሳቸው «አማርኛ» አሉ።